«ፈረንሳዊ»፣ «የፈረንሳይ» ወይስ «ፈረንጅ»? የሌላ ሀገር ሰውንና ዕቃን ስለምንጠራባቸው ቃላት

ብዕረኛዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ሰሞኑን የታወቁ ሠዓሊዎችን፣ ሳይንቲስቶችንና አትሌቶችን የሕይወት ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ ረዥም ሰነድ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ከሥራው ሁሉ ያስቸገረኝ በየታሪኩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚመጣው፣ ሰውየው የየት ሀገር ሰው እንደ ሆነ የሚናገረው አንድ ቃል ነው። «ጀርመናዊ»፣ «ሱዳናዊ»፣ «ብራዚላዊ» እያልሁ ጥቂት ገጽ በሰላም ከተጓዝሁ በኋላ ፔሩ ላይ ደርሼ ብዕሬ ቆመ። «ፔሩዊ»፣ «ፔሩዋዊ»፣ «ፔሯዊ» ብዬ ሦስቱንም ጻፍሁና ሦስቱንም ሰረዝኋቸው።

ሁለተኛው ችግሬ ዕቃን ይመለከታል። አንድ ቦታ «ጃፓናዊ ካሜራ» ያልሁትን አራሚው በቀይ ሰርዞ «የጃፓን ካሜራ» አደረገው፤ ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ «የጃፓን ውበት» ያልሁትን ሰርዞ «ጃፓናዊ ውበት» ብሎ ጻፈበት። ምክንያቱን ብጠይቀው «ጆሮዬ ነው የነገረኝ» አለኝ። ጆሮው ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን ሕጉን ካላወቅሁት በሚቀጥለው ገጽ ያንኑ ስሕተት መድገሜ ነው። ሦስተኛው «ፈረንጅ» የሚለው ቃል ነው። «ከውጭ የመጣ ሰው» ለማለት በፈለግሁ ቁጥር እጄ ወደዚያ ይሄዳል፣ ልቤ ግን ይመልሰኛል። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የድሮ አራሚ

የአራሚውን ጆሮ አልነቅፍም፤ እኔም ብዙ ዘመን እንጀራዬን የበላሁት በዚያው ጆሮ ነው። ነገር ግን ጆሮው የሚሰማው ነገር ሲፈታ ይህን ይመስላል። «የ» ንብረትነትን፣ መገኛንና ውክልናን ይናገራል፤ «‑አዊ» ደግሞ ማንነትንና ባሕርይን። ካሜራው ጃፓን ውስጥ ተሠራ እንጂ ጃፓናዊ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ «የጃፓን ካሜራ» ነው። ውበት ግን ከፋብሪካ አይወጣም፤ «ጃፓናዊ ውበት» ስንል የዚያን ሕዝብ የአመለካከት መንገድ የተላበሰ፣ ምናልባትም በሌላ ሀገር በሌላ ሰው እጅ ሊሠራ የሚችል ውበት ማለታችን ነው። ስለዚህ ሊዳሰስ የሚችለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ «የ»ን ይወዳል፤ ሐሳብ፣ ልማድ፣ ስሜትና ስልት «‑አዊ»ን ይቀበላሉ።

ሰው ላይ ስንመጣ ሁለቱም ይቻላሉ፤ የሚሉት ግን አንድ አይደለም። «የፈረንሳይ አምባሳደር» ፈረንሳይን የሚወክል ሰው ነው። «ፈረንሳዊ አምባሳደር» ደግሞ ዜግነቱ ፈረንሳዊ የሆነ ዲፕሎማት ሲሆን፣ የሚወክለው የአውሮፓ ኅብረትን ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ለቋንቋ የምንጠቀምበት «‑ኛ» ሲጨመር አንዲት ፊደል ብዙ ታጠፋለች። አንድ ጊዜ፣ የድርጅቱን ስም ልተወውና፣ «የእንግሊዝ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለእርማት መጣልኝ። ደውዬ «ቋንቋውን የሚያስተምር ነው ወይስ ከዚያ ሀገር የመጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቋንቋውን የሚያስተምር» ሲሉኝ «ኛ»ን ጨምሬ «የእንግሊዝኛ መምህር» ብዬ ላክሁት። በሳምንቱ ታትሞ ሳየው ሌላ እጅ ገብቶበት «እንግሊዛዊ መምህር» ሆኗል። ምን ዓይነት አመልካቾች እንደ መጡ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ሰዋስው ወዳድ

ፔሩን ዘለላችኋት፤ እኔ ልሞክር። «‑አዊ» ከግዕዝ የወረስነው ቅጥያ ነው፤ የሚጀምረውም በአናባቢ ስለሆነ የሀገሩ ስም በምን ድምፅ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በሳድስ የሚያልቅ ከሆነ የመጨረሻው ፊደል ወደ ራብዕ ይለወጥና ሱዳን ሱዳናዊ፣ ብራዚል ብራዚላዊ ይሆናል። በራብዕ የሚያልቀው እንዳለ ይቀመጣል፦ አሜሪካዊ፣ ጋናዊ፣ ኩባዊ። በሳልስ የሚያልቀው «ያ»ን በመካከል ይጠራል፦ ማሊያዊ፣ ሃይቲያዊ። ደስ የሚያሰኘኝ በሳብዕ የሚያልቀው ነው፤ «ኦ» ከ«አ» ጋር ሲገጣጠም የከንፈሩን መክበብ ሳይተው ወደ «ዋ» ስለሚያዘነብል ኮንጎ ኮንጓዊ፣ ሜክሲኮ ሜክሲኳዊ፣ ሞሮኮ ሞሮኳዊ ይሆናል፤ «ጓ» እና «ኳ» የሚባሉት ፊደላትም ለዚሁ ሲባል ከጥንት ተዘጋጅተው የሚጠብቁን ይመስላሉ።

በካዕብ የሚያልቁት ጥቂት ናቸው፤ ልማድ ያልጸናውም በጥቂትነታቸው ምክንያት ነው። «ኡ» እንደ «ኦ» በከንፈር የሚከበብ ድምፅ ስለሆነ «ፔሯዊ» ማለት ሕግ አይጥስም። ቅር የሚለኝ አንባቢው ቃሉን ወደ ኋላ ሲፈታው ሀገሩ «ፔሮ» ይሁን «ፔሩ» የሚለይበት ነገር አለማግኘቱ ነው። ስለዚህ «ፔሩ» ሳይነካ የሚታይበትን «ፔሩዋዊ» እመርጣለሁ። «ፔሩዊ» ግን ቅጥያውን ራሱን ስለሚሸራርፍ አልቀበለውም።

አፈንጋጮቹንም ላንሳ። ኡራጓይ ኡራጓያዊ፣ ኖርዌይ ኖርዌያዊ ሲሆኑ፣ ፈረንሳይ በዚያው መንገድ «ፈረንሳያዊ» መሆን ሲገባት በአፍ ብዛት ተሸርሽራ «ፈረንሳዊ» ሆናለች፤ አሁን ማንም አይመልሳትም። በፊሊፒንስና በኔዘርላንድስ መጨረሻ ያለው «ስ» በአውሮፓ ቋንቋዎች የብዙ ቁጥር ምልክት ስለሆነ ሰው ላይ ሲደርስ ቢወድቅ ይሻላል፤ «ፊሊፒናዊ»፣ «ኔዘርላንዳዊ»። ደግሞ አደራ፣ ኒጀራዊና ናይጄሪያዊ፣ ዶሚኒካዊና ዶሚኒካናዊ የየራሳቸው ሀገር ያላቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አላፊ አንባቢ

ብዙ ቁጥር ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ቻይናውያን» ራሱ ብዙ ነው፤ «ቻይናውያኖች» ሲባል ሁለት ጊዜ በዝቷል። ይህ ስሕተት በዜና ጽሑፍ ላይ ጭምር ስለተለመደ ትክክሉን የጻፈ ሰው የተሳሳተ መምሰል ጀምሯል። ለሴቶች «‑ውያት» የሚል ቅርጽ እንዳለንም የሚያስታውስ ጠፍቷል።

ሰሚ ጆሮ

ሁላችሁም ስለ ወረቀት አማርኛ ነው የምታወሩት። ሰው ሲነጋገር «ህንዳውያን መጡ» አይልም፤ «ህንዶች መጡ» ነው የሚለው። «ጣሊያኖች»፣ «ቱርኮች»፣ «አሜሪካኖች» እንላለን እንጂ «‑ውያን»ን በቃል ንግግር የሚጠቀም ሰው ዜና የሚያነብ ይመስላል።

በዚያ ላይ «ጣሊያናዊ» የምትሉት ቃል ራሱ ሲመረመር አስቂኝ ነው። የሀገሩ ስም ኢጣሊያ ነበር፤ ሰውየውም ኢጣሊያዊ። «ጣሊያን» የመጣው ባለሀገሮቹ ራሳቸውን ከሚጠሩበት ቃል ስለሆነ፣ በራሱ የሰው መጠሪያ ነው። እኛ የሰውን ስም ለሀገር ሰጠነው፤ ከዚያ በሀገሩ ላይ እንደ ገና «‑አዊ» ጨምረን ሰው አደረግነው። «አሜሪካን» ላይም ይኸው ነው የሆነው፤ «የአሜሪካን መንግሥት» የሚል ሰው ሳያውቀው «የአሜሪካዊ መንግሥት» እያለ ነው። «እንግሊዝ»ም ከዓረብኛ የመጣ የሕዝብ ስም እንጂ የምድር ስም አልነበረም። «ጣሊያን ገባ»፣ «ቱርክ መጣ» ሲባል ግሡ በነጠላ የሚነገረውም ሕዝቡና ሠራዊቱ እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጠር ነው።

የድሮ አራሚ

ሰሚ ጆሮ፣ ስለ ቃል ንግግሩ እውነትዎን ነው። ብዕረኛዋ ግን የምትጽፈው ለንባብ ነው። «ህንዶች» ለወዳጅ ጨዋታ ይሆናል፤ የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ግን «ሰውየው ህንድ ነው» ብሎ ሊጀምር አይችልም። እግረ መንገዴን፣ «እንግሊዛዊ»ን ለብሪታንያ ሰው ሁሉ አንስጠው። ስኮትላንዳዊውን እንግሊዛዊ ማለት ስድብ ባይሆን እንኳ ስሕተት ነው። «ሆላንድ»ም እንደዚሁ ከ12ቱ የኔዘርላንድስ ክፍላተ ሀገር የሁለቱ ስም ብቻ ነው፤ የሀገሩ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለዓለም በሚተዋወቅበት ሥራ ላይ ይህን ስም ትቶታል።

የታሪክ ተማሪ

ወደ «ፈረንጅ» ልሂድ። ፍራንኮች የጀርመን ወገን የሆኑ ጥንታዊ ሕዝብ ነበሩ፤ ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችው ከእነርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1096 በተጀመረው የመስቀል ጦርነት ወደ ሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ የመጡትን ምዕራባውያን፣ ከየትኛውም ሀገር ይምጡ፣ ዓረቦች «ኢፍራንጅ» ይሏቸው ነበር። ቃሉ በፋርስ «ፈረንግ» ሆኖ እስከ ህንድና እስከ ታይላንድ ተጓዘ፤ ታይላንዳውያን ዛሬም ነጩን የውጭ ሰው «ፋራንግ» ይላሉ። ወደ እኛ በግዕዙ «አፍርንጅ» ተብሎ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን በዚህ ስም ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ስለዚህ «ፈረንሳዊ» እና «ፈረንጅ» ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ በቤቱ ቀርቶ የአንድ ሀገር ሰው ሆነ፣ ሌላው ዓለምን ዞሮ ሀገር አልባ ሆነ።

ቃሉ በትውልዱ ስድብ የለበትም። በዚህ ረገድ ከሌሎች ሕዝቦች እንሻላለን፤ ግሪኮች ቋንቋቸውን የማይናገረውን ሁሉ ንግግሩ «ባር ባር» የሚል ይመስላቸው ስለነበር «ባርባሮስ» አሉት፤ ስላቮች ጀርመናዊውን የሚጠሩበት ቃል «ድዳ» ከሚለው ቃላቸው ጋር ይዛመዳል። ግን ብዙም አንኩራራ። «አረማዊ» ማለት መጀመሪያ የአራም ሰው ማለት ነበር፤ ከዚያ የማያምን ማለት ሆነ፤ ከእርሱ ጋር የሚዛመደው «አረመኔ» ደግሞ ጨካኝ ማለት ሆኖ ቀረ። የአንድ ሕዝብ ስም በእኛው አፍ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማየት ከዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከሩቅ የመጣሁ

የቃሉን ትውልድ ከታሪክ ተማሪው ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም ቃል በትውልዱ ብቻ አይመዘንም። አንዲት ጃፓናዊት የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ አማርኛ በሚገባ ትናገራለች። በመንገድ ስንሄድ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ጃፓናዊት ነኝ» ትላቸው ነበር። ልጆቹም በትሕትና «እሺ» ብለው ጥቂት ከራቁ በኋላ ያንኑ ይደግሙታል። በስድስተኛው ወር ማረም ተወች። አንድ ቀን ሌላ ሕፃን «ፈረንጅ!» ሲላት ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረችና «ይኼ ይሻላል፤ ቢያንስ የሌላ ሰው ሀገር አልሰጠኝም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ የሚያስከፋው ቃሉ ሳይሆን ሀገሩ እየታወቀ የጅምላ ስም መስጠት ይመስለኛል። ሰውየው ኖርዌያዊ መሆኑን እያወቅሁ «አንድ ፈረንጅ» ብዬ ከጻፍሁ አንባቢዬ ማወቅ የሚገባውን ነገር ደብቄአለሁ። ገጸ ባሕርይ ሲናገር፣ ወይም የአንድ ዘመን ሰዎች የውጭውን ሰው እንዴት ያዩት እንደ ነበር ለማሳየት ሲፈለግ ግን «ፈረንጅ»ን የሚተካ ቃል የለንም፤ እዚያ ቦታ «የውጭ ሀገር ዜጋ» ብሎ መተካት የቢሮ ደብዳቤ ያስመስለዋል። ጥቁር አሜሪካዊ ወይም ህንዳዊ ሲመጣም ቃሉ ያመነታል፤ አንዳንዱ ፈረንጅ ይለዋል፣ አንዳንዱ አይለውም። ይህ ማመንታት ራሱ ቃሉ ስለ ሀገር ሳይሆን ስለ መልክ እንደሚናገር ያሳያል።

ዕፅ ለቃሚ

ሰዎቹን ስትከራከሩባቸው ዕቃዎቹን ረሳችኋቸው፤ የበለጠ የሚዋሹት ግን እነርሱ ናቸው። «ባሕር ዛፍ» ስሙ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ብቻ ይናገራል፤ አውስትራሊያን አይጠራም። «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው ከሐበሻው ጥድ ለመለየት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ሉሲታኒካ» ማለትም የፖርቱጋል ይለዋል፤ የዛፉ እውነተኛ ሀገር ግን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቱም ገበሬውም ተሳስተዋል፤ ገበሬው ግን «ፈረንጅ» ብሎ በጅምላ ስለተናገረ ስሕተቱ ያነሰ ነው። «ብርቱካን»ም የዚያችው ፖርቱጋል ስም ነው፤ ዓረቦች «ቡርቱቃል» ያሉትን ተቀብለን ነው፤ ፍሬው ግን የእስያ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ በእንግሊዝኛ «ተርኪ» የምትባለዋ ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ናት። እንግሊዞች የቱርክ ናት አሉ፤ ቱርኮች «ሂንዲ» ብለው ወደ ህንድ ሰደዷት፤ ፈረንሳዮችም እንዲሁ ከህንድ ናት አሉ፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ «ፔሩ» አሏት። ወፏ የሰሜን አሜሪካ ናት።

ከዚህ የምወስደው፣ በዕቃ ላይ ያለ የሀገር ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ዕቃው ከየት እንደ ተነሣ ሳይሆን በማን እጅ እንደ ደረሰን ነው። ተርጓሚ እንዲህ ዓይነቱን ስም ቃል በቃል ቢመልሰው ስሕተቱን ነው የሚተረጉመው።

የሕግ ሰው

«ከውጭ የመጣ ሰው» ለማለት ብዕረኛዋ የጠየቀችው ቃል አንድ አይደለም፤ እንደ ሁኔታው ይመረጣል። «የውጭ ሀገር ዜጋ» የፓስፖርት ጉዳይ ሲሆን ብቻ ነው። «ባዕድ» ከባድ ቃል ነው፤ መራቅንና አለመዋሐድን ስለሚያዝል ሐኪሞች እንኳ ሰውነት ውስጥ የገባን የማይገባ ነገር «ባዕድ ነገር» ይሉታል። «እንግዳ» ሁለት ፊት አለው፤ የሚስተናገደውም ሰው፣ ያልተለመደውም ነገር በእርሱ ይጠራል። «መጻተኛ» የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል ነው፤ ለዛሬ ሰው ሲነገር ልመና ይመስላል።

ትልቁ ጥንቃቄ «ስደተኛ» ላይ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ኮንቬንሽን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድን ፈርቶ ከሀገሩ የወጣውን ሰው ለይቶ ይጠቅሳል። ሥራ ፍለጋ የሄደውን «ፍልሰተኛ»፣ ውሳኔ የሚጠብቀውን «ጥገኝነት ጠያቂ» ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም «ስደተኛ» ብንል በሕግ ፊት የተለያየ መብት ያላቸውን ሰዎች አንድ አደረግናቸው ማለት ነው።

ዜግነቱን የለወጠ ሰው ሲሆንስ? በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 «የውጭ ሀገር ዜግነት ያላቸው የኢትዮጵያ ተወላጆች» ይላል። «ዜጋ» እና «ተወላጅ» የሚሉት ቃላት ሥራቸውን የተከፋፈሉበት መንገድ ግልጽ ነው። በጋዜጣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ» ይባላል፤ በግዕዙ አገባብ «ትውልደ ኢትዮጵያ» ቢሆን ይቃና ነበር፤ ነገር ግን ልማድ አሸንፏል።

ብዕረኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሕግ ሰው፣ የመጨረሻው አንቀጽዎ ዛሬ ጠዋት ካቆመኝ ቦታ ላይ ነው የደረሰልኝ። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በዋርሶ ስትወለድ ከተማዋ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ፖላንድ የሚባል ነጻ ሀገር በካርታ ላይ አልነበረም። ዜግነቷ በኋላ ፈረንሳዊ ሆነ። በወረቀት ብንሄድ «ሩሲያዊት» ከዚያ «ፈረንሳዊት» ልንላት ነው፤ እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1898 ከባሏ ጋር ያገኘችውን ንጥረ ነገር በዚያች በካርታ ላይ በሌለች ሀገር ስም ፖሎኒየም አለችው። እኔ «ፖላንዳዊት ተወላጅ፣ ፈረንሳዊት ሳይንቲስት» ብዬ ጻፍሁ። ኒኮላ ቴስላ ደግሞ ዛሬ ክሮኤሺያ በሆነችው፣ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ውስጥ በነበረች መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወልዶ አሜሪካዊ ሆኖ ሞተ፤ እርሱን በአንድ ቃል ለመጥራት መሞከሩን ትቻለሁ።

ስማቸውን የለወጡ ሀገሮች ጉዳይ ግን ቀርቶብኛል። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ላይኛው ቮልታ ትባል ነበር፤ ፋርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢራን ሆነች። በየትኛው ልጠቀም?

ሰዋስው ወዳድ

ሰውየው በሠራበት ዘመን ስም ይጥሩትና የዛሬውን በቅንፍ ያስገቡ። «ፋርሳዊ ገጣሚ» ለጥንቱ ይስማማል፤ ለዛሬው ዜጋ «ኢራናዊ» ነው። ቡርኪና ፋሶን በተመለከተ ዜጎቿ ራሳቸውን «ቡርኪናቤ» ይላሉ፤ «ቤ» ከፉልፉልዴ ቋንቋ የተወሰደ ቅጥያ ስለሆነ በላዩ ላይ የእኛን «‑አዊ» ብንደርብ ጣሊያን ላይ የሠራነውን መድገማችን ነው። በእኛ ሕግ «ቡርኪና ፋሷዊ» ይሆናል፤ እርሱም ደህና ነው።

የድሮ አራሚ

ብዕረኛዋ፣ «ፖላንዳዊት ተወላጅ» ላይ ቀይ ብዕሬን ላንሳ። ተወላጅነት መገኛ ነው፤ «የፖላንድ ተወላጅ» ይበሉት። «ፈረንሳዊት ሳይንቲስት» ግን እንዳለ ይቆይ።

ብዕረኛዋ

አረምሁት። ፔሩንም «ፔሩዋዊ» ብዬ አለፍኋት፤ አራሚው እስካሁን ዝም ብሏል።